የሰፊው አዳራሽ

አዳራሹን ሳላየው ነው የፈረድኩበት። በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት አሁኑኑ ራሴ ተናግሬ ልፈር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን አንዱን መንገድ ለማስፋት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መስመር ሲሰመር አሥራ አንድ ቤቶች መስመሩ ውስጥ ገቡ። ከመፍረሳቸው በፊት ቅርስ የሚባል ነገር እንዳይኖርባቸው አንድ ባለሙያ አይቶ እንዲፈርም ተባለ፤ ባለሙያዋ እኔ ሆንኩ። ሀያት እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ሕንፃ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ “ጎበዝ ናት፣ ግን ቶሎ ትቆጣለች” ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ እነሱን ጠይቁ።

አሥሩን ቤቶች በእግሬ ዞሬ አየሁ። አሥራ አንደኛውን ግን በፎቶ ጨረስኩት። ፎቶው ላይ ያለው ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ግንብ ነው፤ አራት ዓይነት ቀለም ተለቅልቆበታል፣ ላዩ ላይ የዛገ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል፣ በሩ አጠገብ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። የቀበሌ አዳራሽ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። “ታሪካዊም ሆነ ሥነ ሕንፃዊ ፋይዳ የለውም፤ ቢፈርስ ተቃውሞ የለኝም” ብዬ ጻፍኩ። ያዘዝኩት ማኪያቶ እንኳን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ጉድ የፈላው ፎርሙ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን በመቅረቷ ነው፤ “ከወለል እስከ ጣራ ጫፍ ያለው ከፍታ” የምትል። ያለሷ ፋይሉ አይዘጋም። ኮሚቴው ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሊሰበሰብ ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል ብዬ።

በሩ ላይ ኤልናታን ቆሞ ጠበቀኝ። ኤልናታን ከኮሚቴው የተመደበልኝ ቀያሽ ነው፤ ሀዋሳ ተወልዶ ሀዋሳ ያደገ፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። አጠገቡ አንዲት አሮጊት የቁልፍ ዘለላ በግራ፣ መጥረጊያ በቀኝ ይዘው ቆመዋል።

“እትዬ አበበች ናቸው” አለኝ። “የአዳራሹ ቁልፍ ያዥም፣ ጽዳትም፣ ዘበኛም። ከኔ መወለድ በፊት ጀምሮ እዚህ ናቸው።”

“ተባረኪ፤ ግቢ” አሉኝ እትዬ አበበች። ከዚያ በመጥረጊያው እጀታ ወደ ግንቡ እያሳዩ “ይኸውልሽ፤ የሰፊው አዳራሽ ማለት ይሄ ነው” አሉ። “ፊ”ን አላልተው፤ ልብስ ሰፊ ስንል እንደምናላላው።

እኔ ደግሞ ከመምህርነቱ የተረፈኝ ነገር ቢኖር የሰው አፍ ማረም ነው። “ሰፊው፣ እትዬ” አልኳቸው “ፊ”ን ጠበቅ አድርጌ። “ሲላላ ትርጉሙ ሌላ ነው የሚሆነው።”

“እሺ” አሉ።

ኤልናታን ሳቀ። “አትድከሚ። ቀበሌው ሁሉ አርሟቸው እምቢ ብለዋል። አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛውን እንደመጣላቸው ነው የሚያወጡት።”

እትዬ አበበች ቁልፉን እየመረጡ ግን “መንገዱን ልታሰፉት ነው አሉ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“አዎ፤ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው።”

“አባቴ ቢኖር እሱ በሰፋላችሁ ነበር” አሉና በሩን ከፈቱ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከመግባቴ በፊት ቀና ብዬ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁ። ከላይ “የሰፊው”፣ ከሥሩ “አዳራሽ” የሚል ከድንጋዩ ላይ የተፈለፈለ ፊደል ነው። ከላይኛው መስመር ጫፍ ላይ የተፋቀ ቦታ አለ፤ የቀይ ቀለም ርዝራዥ ይታይበታል።

“እሱ ጋ ‘ሕዝብ’ የሚል ነበር” አለኝ ኤልናታን። “በደርግ ጊዜ የሰፊው ሕዝብ አዳራሽ ነበር የሚባለው። መንግሥት ሲቀየር ሕዝብን ፋቁት፤ ሰፊው ብቻውን ቀረ።”

ሁለቱ ቃላት በመሮ የተፈለፈሉ፣ “ሕዝብ” ግን በቀለም ብቻ የተጻፈ መሆኑን ዓይኔ አይቷል። ዓይኔ ያየውን ጭንቅላቴ ቢጠይቅ ኖሮ እዚያው በር ላይ ነገሩ ይገባኝ ነበር። አልጠየቀም፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ውስጡ ጨለማ ነው። ከአራቱ መብራቶች ሁለቱ ተቃጥለዋል፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል። ኮርኒሱ ቺፑድ ነው፤ ዝናብ የገባበት ቦታ ሁሉ የሻይ ቀለም ይዟል። ወለሉ ላይ የቴኳንዶ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ የእድሩ ወንበርና ድስት ተደርድሯል። አንገቴን ሰበር አድርጌ መለካት ጀመርኩ። ኤልናታን የሜትሩን ጫፍ እየያዘልኝ ያወራል፤ ሰውየው ዝም ማለት አያውቅም።

“እዚህ መድረክ ላይ ነው ሕፃን ሆኜ የተጸለየልኝ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ እስክትሠራ እሁድ እሁድ እዚህ ነበርን። ቅዳሜ ግን ቪዲዮ ቤት ነው። አስቢው፤ ቅዳሜ ሰው ሲደባደብ ያየሁበት መድረክ ላይ እሁድ አባቴ ‘ዓይንህን ጨፍን’ ይለኛል።”

ግንቡ ላይ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን አለ። የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ነበር፤ ቀለሙ የተላጠበት ጋ “ሀ ሁ ሂ” ይነበባል። ከሱ ሥር በጆንያ የተፋቀ የሚመስል ድንጋይ አለ፤ በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ እስከዚያ ድረስ ተቆልሎ ነበር አሉ እትዬ አበበች። በኮሮና ጊዜ አልጋ ተደርድሮበታል። የኤልናታን እህት እዚሁ ተድራለች፤ ኤልናታን ራሱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና እዚሁ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሲያወሩት ሕንፃው የመጣለትን ሁሉ እየተቀበለ ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ያለፈ ይመስላል። እኔን ይኼ ሁሉ አልነካኝም። ብዙ አገልግሎት ሰጠ ማለት ቅርስ ነው ማለት አይደለም ብዬ ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው ነኝ።

ከግንብ እስከ ግንብ አሥራ አምስት ሜትር ከሃያ መጣ። “ሰፊው አዳራሽ ለመባል ጠባብ ነው” አልኩ ለራሴ። ከወለል እስከ ኮርኒስ ሦስት ሜትር ከአርባ። ከዚያ ወጥተን የጣራውን ጫፍ ከደጅ በመሣሪያ ለካን። ዘጠኝ ሜትር ከስድሳ።

ደብተሬን አየሁ። ዘጠኝ ከስድሳ ሲቀነስ ሦስት ከአርባ። ስድስት ሜትር ከሃያ የት ገባ?

“መሣሪያህ ተበላሽቷል” አልኩት ኤልናታንን።

“ባለፈው ሳምንት ነው ያስፈተሽኩት።”

እንደገና ለካን። ያው መጣ። ሦስተኛ ለካን፤ ያው። ከውጭ ስናየው ያ የዛገ ቆርቆሮ እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣ ልብ ብለነው አናውቅም። አዳራሹ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይበልጣል ማለት ነው። ተመልሼ ገባሁና ወለሉ መሐል ላይ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ያኔ ነው ሁለተኛው ነገር የከነከነኝ፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለም። አንድም። አሥራ አምስት ሜትር ሙሉ ያለ ምሰሶ፣ ብረትና ኮንክሪት እንደ ልብ ባልነበረበት በድሮ ዘመን። ይህ ሁሉ ቺፑድ የተንጠለጠለበት አንድ ነገር መኖር አለበት።

“ይኼ ኮርኒስ በምን ላይ ነው የተሰቀለው?” አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እትዬ አበበች መጥረጋቸውን አላቆሙም። “አባቴ ላይ” አሉ።

“እ?”

“እላይ አባቴ አለ።”

ኤልናታንና እኔ ተያየን። ሴትዮዋ አእምሯቸው ሸሽቷል ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ፊታቸው ላይ ያለው መደናገር አልነበረም። መጥረጊያውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ከመድረኩ በላይ ያለችውን የኤሌትሪክ ሠራተኞች መግቢያ ቀዳዳ በጣታቸው አሳዩኝ። “መሰላል አለ። ወጥተሽ እዪው። እኔ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ቆይቷል፤ ከተሸፈነ ወዲህ አላየሁትም።”

መሰላሉን ኤልናታን ያዘልኝ። ሽፋኗን በእጄ ገፋሁ፤ የአርባ ምናምን ዓመት አቧራ ፊቴ ላይ ወረደ። እያሳለኩ፣ እየተራገምኩ አንገቴን አስገባሁና የስልኬን መብራት አበራሁ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። መብራቱ ቡናማ ነገር ላይ አረፈ፤ ሳንቀሳቅሰውም ቡናማው ነገር አላልቅ አለ። በመጨረሻ መብራቱን አጠፋሁት። ቆርቆሮው ብዙ ቦታ ተበስቷል፤ በየቀዳዳው የጠዋት ፀሐይ ትገባለች። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁት።

ቀርከሃ ነው። ከስምንቱ የግንብ ማዕዘኖች የተነሣ ስንጥቅ ቀርከሃ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ እየጎበጠ፣ እየተጠላለፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እያለፈ፣ ደግሞ ሥር እየገባ፣ ስድስት ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። የተገናኘበት ቦታ ሁሉ በቀጭን የቀርከሃ ልጥ ተሰፍቷል። ልቆጥር ሞከርኩ፤ አንዱ ጎን ላይ ብቻ ከመቶ ሲያልፍ ተውኩት። አንድ ምስማር የለም። አንድ ሽቦ የለም። እንጨቱ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ፀሐይ የነካችው ቦታ ግን ማር ይመስላል። ጫፉ ላይ ስንጥቆቹ ሁሉ ተሰብስበው እንደ ሰፌድ እምብርት ተቋጥረዋል። ያ ከባድ ቆርቆሮ፣ ይኼ ሁሉ ቺፑድ፣ የመብራቱ ገመድ፣ ሁሉም በዚህ ስፌት ላይ ነው ያለው፤ ስፌቱ ግን ከቦታው የጣት ያህል እንኳን አልተነቃነቀም።

“ሱብሃን አላህ” አልኩ።

ተማሪዎቼን “ይህን ያህል ስፋት ያለ ብረት አይታሰብም” እላቸዋለሁ። በየዓመቱ እላለሁ፤ ፈተና ላይም አመጣዋለሁ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት አጠገብ በባጃጅ ሳልፍ እንደነበር አሰብኩ። ከዚያ ያቺ “ፋይዳ የለውም” ያልኳት መስመር ትዝ አለችኝና ክው አልኩ። እንባዬ መጣ። ከአቧራው ነው ብል የሚያምነኝ ይኖር ነበር፤ ከአቧራው አልነበረም።

ስወርድ እትዬ አበበች መሰላሉ ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። “ደህና ነው?” አሉኝ። ሆስፒታል ገብቶ ስለተኛ ሰው የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት።

“ደህና ነው” አልኳቸው። “እትዬ፣ ደህና ነው። ምንም አልሆነም።”

የእድሩን ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። እሳቸውም ታሪኩን ነገሩን፤ እኔና ኤልናታን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን።

አባታቸው ሌዳሞ ይባላሉ፤ ቤት ሠሪ ነበሩ። አዳራሹ ሲሠራ ከተማዋ ገና ልጅ ነበረች። ከየአገሩ የመጣው ሰው እየተሰበሰበ የሚነጋገርበት ቤት ፈለገ፤ ግንቡ አለቀ። ጣራው ላይ ግን ግንበኛው “መሐሉ ላይ ምሰሶ ካልቆመ አይሆንም” አለ። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ምሰሶ ካለ ከምሰሶው ጀርባ የተቀመጠ ሰው ተናጋሪውን አያየውም፤ ያላየ ደግሞ አልሰማሁም ይላል። ያኔ ሌዳሞ ከኋላ ተነሥተው “በኛ ዘንድ ቤት ይሰፋል እንጂ አይቆምም፤ ልስፋላችሁ” አሉ። ሳቁባቸው። ሁለት በጋ ፈጀባቸው። ቀርከሃውን ነቀዝ እንዳይበላው ጭስ እያጠጡ፣ እየሰነጠቁ፣ እያጎበጡ ሰፉት። ሲጨርሱ የሳቀባቸው ግንበኛ ራሱ መሮውን ይዞ መጣና ከበሩ በላይ ጻፈው። ሰፊው እሳቸው ናቸው። አዳራሹ የሰፊው ነው።

“ከዚያ ካድሬዎቹ መጡ” አሉ እትዬ አበበች። “አነበቡት። ‘ሰፊው’ አሉ፤ አንቺ እንዳልሽው ጥብቅ አድርገው። ደስ አላቸው። ሕዝብ የምትለዋ ተረስታለች ብለው ጨመሩባት። አባቴ ማንበብ አያውቅም፤ ‘ምን ጨመሩ?’ አለኝ። ነገርኩት። ‘ይሁን፤ ለሕዝብ አይደል የሰፋሁት’ አለ። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን ጣራው ጎጆ ይመስላል፣ ለስብሰባ አይሆንም ብለው በዚህ ሸፈኑት። ያን ቀን ቤት መጥቶ ‘ሸፈኑኝ እንጂ አላፈረሱኝም’ አለኝ። በዓመቱ አረፈ። እኔም መጥቼ ጽዳት ተቀጠርኩ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገሩም?” አልኩ፤ ቁጣዬ መልሶ መጣብኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

እትዬ አበበች ረጋ ብለው አዩኝ። “ስናገር ነው እኮ የኖርኩት። ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ። ለአንቺም ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ነገርኩሽ፤ አረምሽኝ።”

ፊቴ በርበሬ መሰለ። ኤልናታን ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

“በኛም ቋንቋ ማጥበቅና ማላላት አለ” አሉ ቀጥለው፣ ያለ ምንም ቂም። “የቱን እንደማጠብቅ፣ የቱን እንደማላላ አውቃለሁ።”

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። “እሺ” አሉኝ፤ ያችኑ እሺ። ጠዋት የመንገዱን ነገር ሲነግሩኝም ቀልዳቸውን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ አባታቸው ቢኖሩ መንገዱንም በሰፉልን ነበር።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ነገ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ለሰብሳቢው ደውዬ ስብሰባው እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ይሁንልኝ አልኩት። ሰባት ሰው በመሰላል እየወጣ በዚያች ቀዳዳ አንገቱን እንዲያስገባ ማድረግ አይቻልም፤ ፎቶ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮርኒሱ መውረድ አለበት። ኤልናታን “ፈቃድ ማን ይሰጠናል?” አለ።

“ሕንፃው ሊፈርስ አይደል? ኮርኒሱን ቀድመን ብናፈርሰው ማን ይቆጣናል?”

አሰበበት። “እሱስ ልክ ነሽ” አለና ካቻቪት ፍለጋ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቴኳንዶ ሠልጣኞቹ መጡ፤ አሠልጣኛቸው ነገሩን ሲሰማ ሥልጠናውን ሰረዘው። ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ መሰላል ላይ ወጡ። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው ያወጣል። ቺፑዱ አንድ ባንድ ሲወርድ አቧራው አዳራሹን ሞላው፤ ነጩ ልብስ ሁሉ ቡናማ ሆነ። እትዬ አበበች ወንበራቸውን መሐል ወለሉ ላይ አስደረጉና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ቀና አላሉም። “ሲያልቅ ንገሩኝ” አሉ። ሁላችንም እየሠራን በዓይናችን እሳቸውን ነበር የምንጠብቀው።

የመጨረሻዋ ቺፑድ ወረደች። በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ተከፍቶ ነበር፤ ከሐይቁ ወገን የምትገባው የማታ ፀሐይ ከግንቡ ተሻግራ ስፌቱ ላይ ወጣች። ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ሲገባ እየተሳሳቀ የነበረው፣ አንገቱን አቅንቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዱ ቀበቶውን ፈቶ በእጁ ያዘ፤ ለምን እንደፈታው ቢጠየቅ የሚያውቅ አይመስለኝም።

“አለቀ፣ እትዬ” አልኩ።

ቀና አሉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን “ልጅ ስለነበርኩ ነው ትልቅ የመሰለኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት” አሉ። “ለካ እውነትም ትልቅ ነው።”

እኔ ደግሞ አሁንም ምላሴ አላረፈም። ዓይኔ ስህተት ፈላጊ ነው፤ ከበሩ በላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ነገር አይቶ ቆይቷል። “አንድ ቦታ ብቻ ነው የተሳሳቱት” አልኩ፤ ማድነቄ ነበር። “እዚያ ጋ። በላይ ማለፍ የነበረበት ሦስት ጊዜ በሥር አልፏል።”

እትዬ አበበች ጣቴን ተከትለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቁ ይሁን የሚያለቅሱ መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ነበር።

“የኔ ነው” አሉ። “ሰባት ዓመቴ ነበር። ትከሻው ላይ አወጣኝና ‘ነይ አንቺም ስፊ’ አለኝ። ሦስት ሰፋሁ። ግንበኛው ከታች ሆኖ ‘ተበላሸ፣ ይፈታ’ አለ። አባቴ ግን ‘ይቅር፤ ስታድግ የቱ የሷ እንደሆነ ታውቀዋለች’ አለው።” ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። “ፈትቶ ያስተካከለው መስሎኝ ነበር።”

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው አቶ ዳዊት የኔን የቀድሞ ሪፖርት በእጁ ይዟል፤ ሥራ የበዛበት፣ ሰው ሲያወራ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። በዚህ ረገድ ከሱ ጋር አንለያይም። በሩ ላይ ቆሞ “መምህርት ሀያት፣ ‘ፋይዳ የለውም’ ብለሽ ፈርመሽ የለም እንዴ? ታዲያ ለምንድን ነው የጠራሽን?” አለኝ።

“ሳላየው ነው የፈረምኩት” አልኩ። ሰባት ሰው ፊት እንዲህ ማለት እንዴት እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው። “ሪፖርቱን ሰርዤዋለሁ። ይግቡና ቀና ይበሉ።”

ገቡ። ቀና አሉ። አቶ ዳዊት ኮፍያውን አወለቀ። ጥቂት ቆይቶ እጁን ግንቡ ላይ አሳርፎ እየዞረ ስምንቱንም ማዕዘን በየተራ ነካ፤ ሲጨርስ መሐሉ ላይ መጥቶ ቆመ። ሰዓቱን አላየም። “ይኼ ሁሉ እዚህ ነበር?” አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። የማን ሥራ እንደሆነ ነገርኩት። ከበሩ በላይ ያለውንም አንብቦ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ክርክር ነው፤ አላደክማችሁም። የፊት ለፊቱ ታዛ ይቆረጥ፣ መንገዱ እዚህ ጋ ሁለት ሜትር ይጥበብ፣ አዳራሹ ግን ይቆይ፣ ይጠገንም ተባለ። ስድስት እጅ ወጣ፤ ሰባተኛው ትንሽ ቆይቶ ወጣ። እትዬ አበበች በሩ ላይ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ማንም ግቡ አላላቸውም፣ እሳቸውም አልገቡም።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ስትጽፍ “ስሙን ምን ልበለው? ሰፊው አዳራሽ?” አለች፣ አጥብቃ።

“የሰፊው አዳራሽ” አልኳት። “ላልቶ።”

“እና ፊደሉ ምን ይሁን?”

“ያው ነው። ፊደሉ ትክክል ነበር።”

የጥገናውን ዝርዝር እኔ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ቆርቆሮው ይቀየር፣ ቀዳዳው ይደፈን፣ መብራቱ ከስፌቱ ይራቅ እያልኩ እጽፋለሁ። አቶ ዳዊት አሁንም አንገቱን አቅንቶ ይዞራል፤ አሁን እንደ ባለቤት ሆኗል። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና በጣቱ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አሳየ።

“እዚህች ጋ ስፌቱ ተሳስቷል። በጥገናው ይታረም ብለሽ ጨምሪበት።”

ወደ እትዬ አበበች ዞርኩ። ዓይናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው መጥረጊያውን በሌላኛው እጃቸው ያዙ። ሲታረሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጻፍኩና ወረቀቱን ሰጠሁት። አቶ ዳዊት ለኮሚቴው እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበው፤ “ከበሩ በላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሦስት ስፌቶች የሰፊው ልጅ የወይዘሮ አበበች ሌዳሞ ናቸው።” አቆመና በሩ ላይ ወደቆሙት ሴት አየ። የመጨረሻዋን ቃል እሳቸውን እያየ ነበር ያነበባት፤

“አይታረሙ።”

“እሺ” አሉ እትዬ አበበች።